ከመስመር በላይ የተጻፈ

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ስለ ሸዋ የብራና መጻሕፍት ያዘጋጀኋትን 64 ገጽ ያላት ትንሽ ጽሑፍ በስልክ ወደ ሞላሌ ሰደድሁ። የሰደድሁላቸው ሰው በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ዛሬ እርጅናው ተጫጭኗቸዋል፤ ድጓቸውን ግን አልተዉም። ጽሑፏ በፒዲኤፍ የተዘጋጀች ስለሆነች የልጅ ልጃቸው በስልኩ ከፍቶ ያነብላቸዋል። በየገጹ ሰማያዊ ቀለም ያላቸው፣ ከሥራቸው የተሰመረባቸው ቃላት ነበሩባት። ቃሉን በጣት ሲነኩት ብራናው በፎቶግራፍ ወደሚታይበት ድረ ገጽ ይወስዳል። ቢያንስ እኔ ያሰብሁት እንደዚያ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሰማያዊውን ልጁ ቢነካው ቢነካው ንቅንቅ አላለም። ምልክቱስ አለ፤ ዜማው ግን የለበትም» አሉኝ።

ለቀልድ ያሉት መስሎኝ ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም። የሚያስተምሩበት ድጓ አንደኛው ቅጠል ውሃ ነክቶት ከመስመሩ በላይ የተጻፈው ረቂቅ ምልክት ደብዝዟል። ዋናው ቃል ይነበባል፤ ምልክቱ አይለይም። በቃላቸው ያውቁታል። ቢሆንም «እኔ የያዝሁትና የቀደሙት የጻፉት አንድ መሆኑን በዓይኔ ልየው» ይላሉ፤ ለተማሪ በጥርጣሬ ማስተማር አይወዱም። ያ ቃል የሚገኝበት የቆየ ድጓ በአሜሪካ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ እንደሚታይ የነገርኋቸው እኔ ነበርሁ። ንቅንቅ ያላለው ሰማያዊ ቃል ወደዚያ የሚወስደው ነበር።

ምን እንደ ተበላሸ ለማወቅ የጀመርሁት ምርመራ ከኮምፒዩተር ቤት ተነሥቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደኝ። ምክንያቱም የኔታ ሳያስቡት በተናገሩት ውስጥ አንድ እውነት ነበረበት፤ የኛ መጻሕፍት ከቃል በላይ ሌላ ጽሑፍ መደረብን ካወቁ ብዙ ዘመናቸው ነው።

የድጓን ገጽ ተጠግቶ ላላየ የከተማ አንባቢ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በድጓ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፍ አለ። አንደኛው በጉልህ ፊደል የሰፈረው የመዝሙሩ ቃል ነው። ሁለተኛው በዚያ ራስ ላይ፣ በሁለት መስመር መካከል፣ በቀጭን ብዕር የተጻፈው ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ከፊሉ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ነጥቦችና ጭረቶች ናቸው፤ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያዝ ያመለክታሉ። የቀሩት ግን ፊደሎች ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እነዚህን ፊደሎች ለብቻቸው ቢያነቧቸው ትርጉም አይሰጡም። ተማሪው ቀደም ብሎ በቃሉ ካጠናው ከሌላ መዝሙር፣ ከአንድ ሐረግ ላይ ተቆርጠው የመጡ ናቸውና። ባለ ዜማው ፊደሎቹን ሲያይ ያ ሐረግ ትዝ ይለዋል፤ የዚያን ሐረግ ዜማ አምጥቶ ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ያውለዋል። ብዛታቸው በመቶዎች ይቆጠራል። ትውፊቱ ይህን ሥርዓት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ያያይዘዋል። ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፈሪ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የዜማ ስብስብ ይህንኑ አሠራር ለውጭው ዓለም በሰፊው ያስተዋወቀ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ቃል አለ፤ በላዩ ትንሽ ምልክት አለ፤ ምልክቱ አንባቢውን ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል። ዛሬ «ሊንክ» የምንለው ከዚህ በምን ይለያል? (ቋንቋችንን እንጠብቅ የሚሉ ሰዎች «ማስፈንጠሪያ» ብለውታል፤ እኔን ወንጭፍ ነው የሚያስታውሰኝ፤ ስለዚህ ሊንክ እያልሁ እቀጥላለሁ።) ልዩነቱ የመዳረሻው ቦታ ነው። የድጓው ምልክት የሚልከው ወደ ሰው ልብ ነው። ባለ ዜማው ከሞተና ተማሪ ካልተካ ምልክቱ በብራናው ላይ እንደ ተቀመጠ ይቀራል፤ የሚያደርሰው ግን የለም።

ወደ ሰው ልብ ሳይሆን ወደ ሌላ ገጽ የሚልክ ምልክትም ነበረን፤ እንዲያውም ከድጓው ምልክት እጅግ ይቀድማል። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተዘጋጁ ተገምቷል። በእነዚህ መጻሕፍት መግቢያ በዐምድና በቅስት ያጌጡ፣ በቁጥር የተሞሉ ሠንጠረዦች አሉ። ቱሪስቱ ሥዕሉን ያደንቃል፤ ቁጥሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሠንጠረዡን ያወጣው የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ሲሆን፣ ያወጣውም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ምዕራፍና ቁጥር አልነበረም፤ የሐዲስ ኪዳን ቁጥር የታተመው እ.ኤ.አ. በ1551 ነውና። አውሳብዮስ እያንዳንዱን ወንጌል በትናንሽ ክፍል ከፋፈለ፤ ማቴዎስን በ355፣ ሉቃስን በ342፣ ዮሐንስን በ232። ከዚያ አንድን ታሪክ አራቱም የጻፉት እንደሆነ፣ ሦስቱ ወይም ሁለቱ የጻፉት እንደሆነ፣ ወይም አንዱ ብቻ የጻፈው እንደሆነ እየለየ በ10 ሠንጠረዥ አሰናዳው። አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ሰው የበቃበትን ታሪክ የሚያነብ ሰው በማቴዎስ ኅዳግ 147 ያገኛል። ወደ መጀመሪያው ሠንጠረዥ ሲሄድ በዚያው መስመር ማርቆስ 64፣ ሉቃስ 93፣ ዮሐንስ 49 ይለዋል። ቅጠሉን ገልጦ ይሄዳል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቁ ብልሃት መዳረሻው ከመነሻው ጋር በአንድ ጥራዝ መጠረዙ ነው። መጽሐፉን የያዘ ሰው የጠቆመውንም የተጠቆመውንም ይዟል። ይህን ልብ ብዬ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአንድምታ መምህራንም የራሳቸው መንገድ አላቸው። ጥቅሱን ጠርተው «እንዲል» ይላሉ፤ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ምዕራፍ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይነግሩህም፤ ማወቅ ያንተ ፋንታ ነው። ዘመናዊው የታሪክ ጽሑፍ ሲመጣ የግርጌ ማስታወሻ አብሮት መጣ። ምሁሮቻችን የላቲኑን አነጋገር «ዝኒ ከማሁ» ብለው በግዕዝ አለበሱት። እኔ በተማሪነቴ «ዝኒ ከማሁ» የአንድ ደራሲ ስም ይመስለኝ ነበር፤ ሰውየው ስንት መጽሐፍ ቢጽፍ ነው በየገጹ ግርጌ የሚጠቀሰው እያልሁ።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ሰማያዊዎቹ ቃላት ይወስዱ የነበሩት አንድ ትልቅ ሥራ ወደ ተሠራበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። የባህል ሚኒስቴር፣ መንበረ ፓትርያርክ፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያካሄዱት ነው። ፊልም አንሺዎቹ ከአዲስ አበባና ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ጀምረው እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስና ከዚያም አልፈው ሄደዋል። አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በመጨረሻ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተነሡ። አንደኛው የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ኮሌጅቪል ገባ። እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ተሰጠው። በባለሙያው ዘንድ 1832 ከተባለ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት አራቱ ወንጌል ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፊልም ያለ ዝርዝር የተቆለፈ ሣጥን ነው። ዝርዝሩን መጀመሪያ ያዘጋጀው ዊልያም ማኮምበር ነበር፤ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በኋላ ሥራው በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እጅ ገባ። ጌታቸው የሸንኮራ ሰው ናቸው። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በቤታቸው ተኩሰው አቆሰሏቸው፤ ሽባ ሆነው ለሕክምና ከአገር ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን በኮሌጅቪል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ያገራቸውን ብራና በፊልም እያነበቡ አሳለፉት። ያረፉት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ዝርዝሩ እስከ 10ኛው ቅጽ ደርሷል፤ 10ኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ ቁጥር 5000 ላይ ይቆማል። የእሳቸውን ዝርዝር የሚያነብ ሰው በየመስመሩ ወደ ሌላ ቁጥር ይላካል። ይህ ድርሳን በዚያኛውም ቁጥር አለ፤ ይህን ተአምር ከዚያኛው ጋር አስተያይ፤ ይህን እገሌ በዚህ ዓመት አሳትሞታል። ሰማያዊ ቀለም የለበትም እንጂ እያንዳንዱ ቁጥር ሊንክ ነው። እነዚያን መገናኛዎች ማሽን አላወጣቸውም። አንድ ሰው የአንዱን መጽሐፍ ቃል በልቡ ይዞ ሌላውን ሲያነብ ትዝ እያለው ያወጣቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይኸው ቤተ መጻሕፍት፣ የሂል የብራና መጻሕፍት ቤት የሚባለው፣ የንባብ ክፍሉን በኢንተርኔት ከፈተ። በነጻ የተመዘገበ ሁሉ ፊልሞቹን ከቤቱ ሆኖ ማየት ቻለ። በሚቀጥለው ዓመት በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የረጅም ጊዜ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ብራናዎች፣ ድርሰቶችና ሰዎች ለየአንዳንዳቸው ቋሚ አድራሻ የሚሰጥ። የኔ ጽሑፍ የተመሠረተችው በእነዚህ ላይ ነው። የሞላሌ ሰው ኮሌጅቪል መሄድ ሳያስፈልገው ጣቱን ያሳርፍ፤ ይድረስ። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ታዲያ ሊንኩን ምን ገደለው? መልሱን ለማግኘት ፒዲኤፍ ራሱ ምን እንደሆነ መረዳት ነበረብኝ። ፒዲኤፍን አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ሲያቀርበው ዓላማው አንድ ነበር። በአንዱ ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ገጽ በሌላው ላይም ሳይዛነፍ፣ በወረቀት ላይ እንደሚታየው ሆኖ እንዲታይ ነው። ያ ዘመን ለግዕዝ ፊደል የመከራ ዘመን እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፊደላችን በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ ተደብቆ ይኖር ስለ ነበር፣ ጽሑፉ ያው ፊደል ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት ይለወጥ ነበር። ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ ይዞ ስለሚሄድ ገላገለን። በዓይን ይነበባል፤ ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ የለጠፈው ሰው ግን ያው ትርምስ ይጠብቀው ነበር።

ፒዲኤፍ ከውስጡ ሲታይ የድጓ ገጽ ነው። ሁለት ጽሑፍ አለው። የመጀመሪያው ቀለሙ ነው፤ ፊደሉ፣ መስመሩ፣ ሥዕሉ። ሁለተኛው በቀለሙ ላይ የተደረበ፣ ለዓይን የማይታይ ነው። ሊንክ የሚባለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ከገጹ ግራ ታችኛው ጥግ ተነሥቶ የሚለካ፣ በአራት ቁጥር የተወሰነ ቦታ፤ መለኪያው የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው። ፋይሉ «ጣት በዚህ አራት ማዕዘን ውስጥ ካረፈ ወደዚህ አድራሻ ሂድ» ይላል። ከአራት ማዕዘኑ ሥር ያለው ቃል ስለዚህ ነገር አያውቅም። ሰማያዊነቱና ከሥሩ ያለው ሰረዝ ቀለም ብቻ ነው። አራት ማዕዘኑን በባዶ ቦታ ላይ ቢያኖሩት ይሠራል፤ በብራና ፎቶግራፍ ላይ፣ በአንዲት የደበዘዘች ፊደል ላይ ቢያኖሩትም ይሠራል። በአንጻሩ ቃሉን ሰማያዊ አድርገው አራት ማዕዘኑን ካላኖሩበት ያው ሰማያዊ ቃል ነው። ምልክቱ አለ፤ ዜማው የለበትም።

የኔ ጽሑፍ የደረሰባት ይኸው ነው። በኮምፒዩተሬ ላይ ስጽፋት ሊንኮቹ ሁሉ ይሠሩ ነበር። ገጿን አሳምሮ ወደ ፒዲኤፍ እንዲለውጥልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የጽሕፈት ቤት ሰጠሁ። ልጁ ፋይሉን ከፍቶ «ፕሪንት» የሚለውን ተጫነ፤ በማተሚያ ማሽን ፈንታ ፒዲኤፍን መረጠ፤ አለቀ። በዓይን ለሚያይ ፍጹም ያማረ ነው። ችግሩ የሕትመት ትእዛዝ የሚያውቀው ቀለም ብቻ መሆኑ ነው። ወረቀት አይነካም፣ አይከፈትም፤ ስለዚህ ወደ ማተሚያ የሚላከው ፊደሉና ሥዕሉ ነው፤ የተደረበው አራት ማዕዘን እዚያው ይቀራል። መደረግ የነበረበት ጽሑፉን በፒዲኤፍ መልክ «ሴቭ» ወይም «ኤክስፖርት» ማድረግ ነው። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ራሱ ፋይሉን ሲሠራው ሊንኩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ አራት ማዕዘኑን አብሮ ያኖረዋል። በአንዳንዱ ፕሮግራም ሊንኮቹ እንዲካተቱ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን አለ፤ እሷም ምልክት ሊደረግባት ይገባል። ከአርባ የሚበልጡት ሊንኮቼ የጠፉት በአንዲት ትእዛዝ ምርጫ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሳልነካካ የተቀበልሁት እኔ ነኝ።

ማይክሮፊልሙም ተመሳሳይ ነገር ማድረጉን ያስተዋልሁት በዚሁ ሰሞን ነው። ያ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ጸሐፊው ቅዱስ ስም ሲደርስ በቀይ የጻፈው በፊልሙ ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ካሜራው የሚያይለት ነገር ነበረው፤ ያንን አየ፤ ሌላውን ተወው።

አዲስ ፋይል ሠራሁ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ሊንክ ራሴ ነካሁት፤ ያልተጠበቁ ችግሮችም አገኘሁ። አንዱ የግዕዝ አድራሻ ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ አድራሻ የሚጻፈው በተራው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው። በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ የሞላሌን ገጽ ልጠቁም ብል ሦስቱ ፊደላት እንዳሉ አይገቡም፤ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሌሎች ምልክቶች ይጻፋል። «ሞላሌ» 27 ምልክት ሆነች ማለት ነው። ሁለተኛው አራት ነጥብ ነው። አንዳንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎች በግልጽ የተጻፈ አድራሻ ሲያገኙ ማንም ሳያዛቸው ሊንክ ያደርጉታል። መልካም ነው፤ ነገር ግን አራት ነጥባችን ከአድራሻው ጫፍ ጋር ተጣብቃ ከተጻፈች የአድራሻው አካል ትመስላቸውና ወደሌለ ቦታ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሰዋስው ይቅር ይበለኝና ከአድራሻ በኋላ ክፍት ቦታ ተውሁ።

የጽሑፏን ሁለተኛ ቅጂ በሰኔ 2015 ላክሁ። ሊንኮቹ ሠሩ። የልጅ ልጃቸው ጥቂቶቹን ከፍቶ አሳያቸው፤ የድጓው ፎቶግራፍ ግን ከባድ ስለ ሆነ በመንዝ ኔትወርክ ሳይከፈት ቀረ። «ክረምቱ ይውጣና» ተባባልን። ክረምቱ ሳይወጣ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ግጭቱ ተነሣና የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሞላሌ ደርሶ የነበረ ጊዜ የኔታ መጻሕፍቱን የት እንዳቆዩአቸው ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መጻሕፍቱ ግን አሉ። የኔ ሊንኮች ግን አንዲት ገመድ ስትበጠስ ሁሉም አብረው ሞቱ።

መዳረሻው ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 መጨረሻ፣ የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተመታ። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተወሰዱት ብራናዎቻችን የሚገኙበት ቤት ነው። ፎቶግራፎቹን ያሳይ የነበረው ድረ ገጽ ጠፋ፤ በዓለም ዙሪያ በየጽሑፉ ወደዚያ የሚጠቁሙ ሊንኮች ሁሉ ባዶ ሆኑ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ዝርዝር ለእነዚያው ብራናዎች የተጻፈላቸው የመደርደሪያ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ያን ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው መጽሐፉን ያገኛል። ከዚያ ወዲህ በጽሑፌ ውስጥ ሊንክ በማኖርበት ቃል አጠገብ ሁሉ ቁጥሩን በቀለም አጽፋለሁ። አራት ማዕዘኑ ቢጠፋ ቀለሙ ይቀራል፤ ወረቀት ላይ ቢታተምም፣ ኔትወርክ ባይኖርም።

ያን ጊዜ ነው አውሳብዮስ ትዝ ያለኝ። መዳረሻውን ከመነሻው ጋር አብሮ መጠረዝ። ፒዲኤፍ ይህን ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ ያውቅበታል፤ ወደ ድረ ገጽ የሚወስደው ሊንክ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው እንጂ፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስደው እ.ኤ.አ. በ1993ም ነበረ። ኔትወርክ አይጠይቅም። ሦስተኛውን ቅጂ በዚህ መንገድ ሠራሁት። ለያንዳንዱ ብራና በጽሑፏ መጨረሻ አንድ ገጽ መደብሁ፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ለኔታ የሚያስፈልገው መስመር ምን እንደሚል። ሰማያዊው ቃል ወደዚያ ገጽ ይወስዳል፤ ከዚያ ገጽ ደግሞ፣ ኔትወርክ ላለው፣ ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ ሌላ ሊንክ አለ።

የድጓዋን መስመር ለመክተብ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ነጥብና ጭረቶቹ ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ገቡ 10 ምልክቶች አሉን፤ እነሱን አገኘኋቸው። ከቃሉ በላይ የሚቆሙትን ጥቃቅን ፊደሎች ግን የጽሕፈት ፕሮግራሜ በቦታቸው አላቆምልኝ አለ። አንዴ ወደ ግራ ይሸሻሉ፤ አንዴ መስመሩን ይሰነጥቁታል። በመጨረሻ በወረቀት ላይ በእጄ ገልብጬ፣ ፎቶግራፍ አንሥቼ ከገጹ ላይ ለጠፍሁት። እጄ እንደ ደብተራ እጅ አይደለም፤ ይነበባል ግን።

ፋይሏ በአንድ የአገር ልጅ ኪስ በፍላሽ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በጣርማ በር ታጥፋ በመዘዞ በኩል ሞላሌ ገባች። በሦስተኛው ሳምንት የኔታ ደወሉ፤ የድምፅ ስልክ በዚያ ቀን ይሠራ ነበር።

«ልጁ ነካው፤ ሄደ» አሉኝ።

«መስመሩስ የኔታ? ምልክቱ ገጠመልዎ?»

«በሁለቱ ገጥሟል። በሦስተኛው የኔ ይለያል። የቆየው እንደዚያ ከሆነ የሰማሁበት ቦታ ሌላ ነው፤ ለተማሪዎቹ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ።» ትንሽ ዝም አሉና «አንድ ነገር ግን ረስተሃል። መሄዱንስ ሄድን፤ ከንባባችን የት እንደ ነበርን ጠፋን። ልጁ ከፊተኛው ገጽ ጀምሮ ሲገልጥ ዋለ። መመለሻ አላበጀህለትም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በአውሳብዮስ ሠንጠረዥ አንባቢው የተነሣበትን ቁጥር በኅዳጉ ላይ ስለሚያገኘው አይጠፋም። በኔ ፋይል ውስጥ የኮምፒዩተሩ ማንበቢያ ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት አለው፤ በልጁ ስልክ ላይ ያለው ግን የለውም። በየብራናው ገጽ ሥር ወደ መነሻው የሚመልስ ሊንክ ማኖር ነበረብኝ። «ምን ብዬ ልጻፍበት? ተመለስ ልበል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ተመለስ ትላለህ፣ እንደ ዘበኛ! የጥንት ጸሐፊዎች ከታሪካቸው ወጣ ብለው ሲመለሱ የሚሉት ቃል አለ አይደለም እንዴ?»

አራተኛው ቅጂ ላይ በ38 ገጾች ግርጌ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ «ንግባእኬ» የሚል ቃል አለ።